ሐይቁ አረንጓዴ የሚሆንበት ጊዜ አስቀድሞ ይታወቃል?

በዚህ እትም ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ ከተማ አካባቢ የደረሱንን አምስት ደብዳቤዎች አንድ ላይ አቅርበናል። አንዱ ስለ ቦርከና ወንዝ ከመሆኑ በቀር ሁሉም በደሴ አቅራቢያ ስላለውና ስሙም «ሐይቅ» ስለሆነው ሐይቅ ውሃ፣ በላዩም ላይ ስለሚወጣው አረንጓዴ ሽፋን የሚጠይቁ ናቸው። ደብዳቤዎቹ ለአምዱ እንዲመቹ ጥቂት አጥረዋል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ እኔ የደሴ ሆጤ አካባቢ ነዋሪ ስሆን በዕረፍት ቀን ልጆቼን ይዤ ሐይቅ ዳር መሄድ እወዳለሁ። አንዳንድ ጊዜ ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ሆኖ ይሸታል። ለዝናብ በሬዲዮ ትንበያ እንደሚነገር ሁሉ በውጭ አገር ለሐይቅ አልጌም ትንበያ እንደሚሰጥ አነበብኩ። ይህ እውነት ነው? እውነት ከሆነስ ለእኛ ሐይቅ የማይሠራው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ያነበቡት እውነት ነው። ይሁንና የሚተነበየው ነገር አንድ ብቻ አይደለም። «የዘንድሮው ወቅት ከባድ ይሆናል ወይ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ «በሚቀጥሉት ሦስት አራት ቀናት ሽፋኑ በየትኛው ዳር ይከማቻል?» የሚለው ሌላ ነው፤ «የተከማቸው ሽፋን መርዝ አለበት ወይ?» የሚለው ደግሞ ሦስተኛ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ለረጅም ዓመታት በተጠኑ ሐይቆች ላይ ደህና መልስ ያገኛሉ። ሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ ድረስ ናሙና ቀድቶ ላቦራቶሪ ከማስመርመር በቀር አስተማማኝ መልስ የለውም፤ ምክንያቱም የአንድ ዝርያ አልጌ መርዝ የሚሠራና የማይሠራ ዘር ስላለው፣ ሁለቱም በዓይንም ሆነ በሳተላይት ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው።

ሽፋኑን የሚሠሩት በአብዛኛው ሳይኖባክቴሪያ የሚባሉት፣ በተለምዶ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የምንላቸው ፍጥረታት ናቸው። እንደ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ያዘጋጁ እንጂ በተፈጥሯቸው ባክቴሪያዎች ናቸው። ከእነርሱ መካከል በብዙ አገር ሐይቆች፣ በእኛም አገር በቆቃና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ ውሃዎች የተመዘገበው ማይክሮሲስቲስ በሴሎቹ ውስጥ በጋዝ የተሞሉ እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉት። ነፋስ ሲጠፋና ውሃው ሲረጋ ሌሎች አልጌዎች ወደ ታች ሲዘቅጡ እርሱ ወደ ላይ ተንሳፎ ብርሃኑን ለብቻው ይይዛል። በመሆኑም ትናንት ማታ በብዙ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ተበትኖ የማይታይ የነበረው ዛሬ ጠዋት በገጹ ላይ ተሰብስቦ ሊገኝ ይችላል። ሐይቁ በአንድ ሌሊት ተለወጠ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ብዛቱ ያን ያህል ሳይጨምር ቦታው ብቻ ተለውጦ ነው።

ይህ ጠባዩ ለትንበያ ሠሪው መልካም አጋጣሚም ፈተናም ነው። ተንሳፋፊ ነገር በነፋስ ስለሚገፋ የነፋሱን አቅጣጫና ጉልበት የሚያውቅ ሰው ሽፋኑ የት እንደሚያርፍ ማስላት ይችላል፤ በአንጻሩ ጠንካራ ነፋስ ውሃውን አማስሎ ሽፋኑን ወደ ታች ሲበትነው ሳተላይቱ «ሐይቁ ንጹሕ ነው» የሚያሰኝ ምስል ያነሣል፤ አልጌው ግን የትም አልሄደም።

የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመልሰው ወቅታዊ ትንበያ፣ ማለትም የመላውን ወቅት ክብደት የሚናገረው፣ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ላይ የሚገኘው የኢሪ ሐይቅ ነው። የሐይቁ ምዕራባዊ ክፍል ጥልቀት የለውም፤ ሞሚ የሚባለው ወንዝ ደግሞ ሰፊ የእርሻ አገር አቋርጦ ከየማሳው ያጠበውን ፎስፎረስ፣ ማለትም በማዳበሪያ ውስጥ ያለውንና አልጌን የሚመግበውን ንጥረ ነገር፣ እዚያ ይደፋል። የዚህ ወንዝ ውሃ በኦሃዮ በሚገኘው በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ሲለካ ኖሯል። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ባሉት ወራት ወንዙ ወደ ሐይቁ ያስገባው የፎስፎረስ መጠን በዚያው ዓመት በበጋቸው የሚታየውን የአልጌ ብዛት በአብዛኛው እንደሚወስን ስለታወቀ፣ የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር በየዓመቱ የወቅቱን ክብደት በቁጥር አድርጎ አስቀድሞ ያሳውቃል። እ.ኤ.አ. የ2011 ክብደት 10 ተብሎ ነበር፤ በ2015 ሐይቁ ከዚያም አልፎ 10.5 ደረሰ።

ወቅታዊው ትንበያ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ግን ያው ሐይቅ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 የቶሊዶ ከተማ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ «የቧንቧ ውሃ አትጠጡ» የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥታ ለሦስት ቀናት ያህል ቆየች። ያ ዓመት ከ2011 ጋር ሲነጻጸር በጣም የቀለለ ነበር። የአልጌው ጠቅላላ ብዛት መካከለኛ ቢሆንም ሽፋኑ የከተማዋ ውሃ መሳቢያ ባለበት አቅራቢያ ተከማቸ። ወቅቱ ቀላል ነው ብሎ የተዘናጋ ሰው፣ ሽፋኑ በዚያ ቀን የት እንዳለ ካላወቀ ምንም አላወቀም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ እኛ ሐይቅ ልመለስ። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በተሁለደሬ ወረዳ የሚገኝ፣ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከፍተኛ ጥልቀቱ ወደ 88 ሜትር የሚጠጋ ውሃ ነው። ከኢሪ ጋር የሚያመሳስለው ነገር ጥቂት ነው። ሁሉን የሚወስን እንደ ሞሚ ያለ አንድ ትልቅ ወንዝ የለውም፤ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ከሚወርደው ውሃ ሌላ በየዳገቱ ያለ ጅረትና ቦይ በበልግና በክረምት ደለሉን ይዞ ይገባል። በገጽ ምድር የሚወጣ ወንዝም የለውም፤ ስለዚህ የገባው ፎስፎረስ በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። ከሐይቁ ግርጌ ኦክስጅን ሲያልቅ በደለሉ ውስጥ የተቀመጠው ፎስፎረስ ተፈትቶ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ ያ ጥልቅ ውሃ ከላይኛው ጋር በተቀላቀለ ጊዜ ደግሞ አንድም ጠብታ ዝናብ ሳይዘንብ አልጌው ይቀለባል። በዚህ የተነሣ የዝናብና የማዳበሪያ መዝገብ ብቻ ይዞ የሐይቅን ወቅት ልተንብይ የሚል ሰው ግማሹን ሒሳብ ትቶ ይነሣል።

በሳተላይት በኩልም ያለውን ችግር ልንገርዎ። የአውሮፓው ሴንቲኔል 3 ሳተላይት ሳይኖባክቴሪያን ከሌላ አልጌ ለመለየት የሚያስችለውን የብርሃን ክፍል፣ ማለትም ፋይኮሳያኒን የተባለው ቀለም የሚውጠውን 620 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን፣ ማየት ይችላል። ነገር ግን የምስሉ አንድ ነጥብ 300 ሜትር በ300 ሜትር ነው። 23 ካሬ ኪሎ ሜትር በዚህ ሲከፈል ወደ 250 ነጥቦች ይሆናል፤ ከዚያ ላይ መሬት የተቀላቀለባቸው የዳር ነጥቦች ይጣላሉ። የሚጣሉት እንግዲህ ልጆችዎ የሚቆሙበት፣ ከብት የሚጠጣበትና ሽፋኑ የሚከማችበት ዳር ናቸው። ሴንቲኔል 2 እስከ 10 ሜትር ድረስ አጥርቶ ያያል፤ እርሱ ደግሞ ያንን 620 ናኖሜትር የሚለካ ክፍል የለውም። ሁለቱም በደመና ውስጥ አያዩም፤ በሐምሌና በነሐሴ፣ ጎርፉ ወደ ሐይቁ በሚገባበት ዋነኛ ጊዜ፣ የወሎ ሰማይ ምን እንደሚመስል ለደሴ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

እንግዲህ የጎደለው ምንድን ነው? ብዙ ሰዎች ኮምፒውተርና ባለሙያ ይላሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ሞዴል ሠሪ በየዩኒቨርሲቲው አለ፤ የኮምፒውተር ፕሮግራሞቹም ብዙዎቹ በነጻ የሚገኙ ናቸው። የጎደለው ሳይቋረጥ የተጻፈ መዝገብ ነው። ኢሪን ለትንበያ ያበቃው ትንበያ የሚባል ነገር ሳይታሰብ በፊት ጀምሮ አንድን ወንዝ ያለመታከት ሲለኩ የኖሩ ሰዎች ሥራ ነው።

መዝገቡ የሚጠይቀው መሣሪያ ደግሞ እጅግ ቀላል ነው። ሴኪ ዲስክ የሚባለው ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሳህን በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ ባለው ገመድ ታስሮ ከጀልባ በጥላው በኩል ወደ ውሃው ይወርዳል። ከዓይን የሚሰወርበት ቋጠሮ ይያዝና እንደገና ሲሳብ ብቅ ከሚልበት ጋር አማካዩ ይወሰዳል። ያ ቁጥር የውሃውን ጥራት ይነግራል። የሐይቅን ታሪክ ያወቅነውም በዚሁ ዓይነት ልኬት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ገደማ ጣሊያኖች ሲለኩት የውሃው ጥራት ወደ 9 ሜትር ይደርስ ነበር፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ሲለኩት ከሁለት ሜትር በታች ወርዶ አገኙት። ለለውጡ ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ሐይቁ የተለቀቀው ቆሮሶ አልጌን የሚግጡትን ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ስለቀነሳቸው ነው የሚል ነው። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያሉት ዓመታት በየወሩ ተመዝግበው ቢሆን ኖሮ ይህ ማብራሪያ ትክክል መሆን አለመሆኑ ዛሬ ባላከራከረ ነበር።

ከዲስኩ ጋር በገመድ የሚወርድ የሙቀት መለኪያ፣ ዳር ላይ የተተከለ የነፋስ መለኪያና በየሳምንቱ የሚሞላ ደብተር ሲጨመሩ የአጭር ጊዜ ትንበያ ለመጀመር የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ተሟላ ማለት ነው። ኮምቦልቻ የሜትሮሎጂ ጣቢያ አለ፤ ነገር ግን ሐይቁ በተራሮች መካከል ስለሆነ የኮምቦልቻው ነፋስ የሐይቁ ነፋስ አይደለም፤ የነፋስ መለኪያውን እዚያው ዳር ላይ መትከል ግድ ነው። በየቀኑ ውሃው ላይ የሚውሉት ዓሣ አስጋሪዎች ስለሆኑ ደብተሩን ለመያዝ ከማንም ይልቅ እነርሱ የሚቀርቡ ይመስለኛል፤ ለሥራቸው ግን ክፍያ ሊኖር ይገባል፤ በበጎ ፈቃድ የተጀመረ ልኬት በሁለተኛው ክረምት እንደሚቆም ከብዙ ቦታ አይተናል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአዘጋጁ። የተሁለደሬ ገበሬ ነኝ። ከብቶቼ የሚጠጡት ከሐይቁ ነው። ውሃው አረንጓዴ ሲሆን ልከልክላቸው? ለሰውስ አፍልቶ መጠጣት ይበቃል? ዓሣውስ ይበላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ከሁሉ በፊት ስለ ማፍላቱ ልንገርዎ፤ አይበቃም። ማፍላት ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ማይክሮሲስቲን የሚባለውን የአልጌ መርዝ ግን አያጠፋም። ሙቀቱ የአልጌውን ሴል አፍርሶ በውስጡ የነበረውን መርዝ ወደ ውሃው ይለቅቀዋል፤ ውሃው እየተነነ ሲያንስም የቀረው መርዝ ይበልጥ ይከማቻል። በቶሊዶም ሕዝቡ የተነገረው «አትጠጡ፤ አታፍሉም» ተብሎ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜ ልክ ለሚጠጣ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1 ማይክሮግራም ማይክሮሲስቲን ነው፤ ለአጭር ጊዜ እስከ 12፣ ለመዋኛ ደግሞ እስከ 24 ይፈቅዳል። ወፍራም አረንጓዴ ሽፋን ውስጥ ያለው መጠን ከእነዚህ ሁሉ ብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል።

መርዙ በዋናነት የሚጎዳው ጉበትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በብራዚል ካሩዋሩ ከተማ በአንድ የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ በተበከለ ውሃ ምክንያት ከ50 በላይ ሕሙማን ሞተዋል። ከብትን በተመለከተ የከፋው ነገር እንስሳቱ የሚጠጡት ነፋስ ሽፋኑን ገፍቶ ካከማቸበት ዳር መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በቦትስዋና ከ300 በላይ ዝሆኖች ሲሞቱ የአገሪቱ መንግሥት ምክንያቱ በኩሬዎች ውስጥ የነበረ የሳይኖባክቴሪያ መርዝ ነው ብሎ አስታውቋል። ስለዚህ ሽፋኑ በሚታይበት ሰሞን ከብቶቹን ነፋሱ ከሚነሣበት ወገን ወዳለው ንጹሕ ዳር ይውሰዷቸው፤ የሚቻል ከሆነም ከጉድጓድ ወይም ከምንጭ ያጠጧቸው።

አረንጓዴ ነገር ሁሉ ግን መርዛማ አይደለም፤ በቤት ሊያደርጉት የሚችሉት ፈተና አለ። አንድ ዱላ ወደ ሽፋኑ ያስገቡና ያውጡ። ረጃጅም ክር ሆኖ በዱላው ላይ ከተንጠለጠለ ብዙውን ጊዜ ጉዳት የማያደርስ አረንጓዴ አልጌ ነው፤ እንደተደፋ ቀለም ዱላውን ቀብቶት ከቀረ ግን ይጠርጥሩ። ሁለተኛው መንገድ፣ እጅዎ ውሃውን እንዳይነካ በላስቲክ ሸፍነው ከገጹ ትንሽ ዝቅ ካለ ቦታ በጠራ የመስታወት ዕቃ ቀድተው፣ ሳይነቀንቁ አንድ ሌሊት ማስቀመጥ ነው። ጠዋት አረንጓዴው ከላይ ቀለበት ሠርቶ ተንሳፎ ከተገኘ ሳይኖባክቴሪያ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ከታች ከዘቀጠ ደግሞ ሌላ አልጌ ይመስላል። ይህ ፈተና ዓይነቱን ይጠቁም እንጂ መርዝ መኖር አለመኖሩን አይናገርም።

ስለ ዓሣው፦ መርዙ በይበልጥ የሚጠራቀመው በጉበቱና በሆድ ዕቃው ውስጥ ነው። ሽፋን ባለበት ሰሞን የተያዘን ቆሮሶ ወይም አምባዛ የሆድ ዕቃውን ሙሉ በሙሉ አውጥተው ይጣሉ፤ ሥጋውን በንጹሕ ውሃ አጥበው ያብስሉ፤ የሆድ ዕቃውን ለውሻም ለድመትም አይስጡ። ሞቶ ተንሳፎ የተገኘ ዓሣ በምንም ሁኔታ አይበላ።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የምኖር ነኝ። በቦርከና ወንዝ ድንጋዮች ላይ አረንጓዴ ነገር አያለሁ። ይህ ወደ ቧንቧችን ይገባል?

መልስ፦ በድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚያድገው ከሐይቅ ተንሳፋፊ አልጌ የተለየ ነው፤ የሚፈስ ውሃ ተንሳፋፊውን ጠርጎ ስለሚወስደው ወንዝ ውስጥ የመከማቸት ዕድሉ አነስተኛ ነው። ቦርከና ወደ አዋሽ እንጂ ወደ ሐይቅ አይፈስም። የደሴና የኮምቦልቻ የቧንቧ ውሃ ደግሞ በዋናነት ከጉድጓድና ከምንጭ የሚመጣ በመሆኑ፣ ከግድብ ለሚጠጣው ለምሳሌ ለአዲስ አበባው ለገዳዲ የሚያሳስበው የአልጌ ጉዳይ በቀጥታ አይመለከታችሁም። የቦርከና ሌሎች ችግሮች፣ በተለይ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ፣ ራሱን የቻለ ሰፊ ርዕስ ስለሆነ ለሌላ እትም እናቆየዋለን።

ጥያቄ፦ ከሐይቅ ከተማ ነው የምጽፈው። አባቴ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ። በብርዱ ወራት አንዳንድ ጠዋት ዓሣዎች በውሃው ገጽ ላይ አፋቸውን እየከፈቱ ሲታዩና ብዙዎቹም ሞተው ሲገኙ ያዩ እንደነበር ይነግሩናል። ያ የአልጌ መርዝ ነው? አስቀድሞስ ሊታወቅ ይችል ነበር?

መልስ፦ አባትዎ የነገሯችሁ ምልክት ወደ መርዝ ሳይሆን ወደ ኦክስጅን እጥረት የሚያመለክት ነው። ዓሣ በገጹ ላይ አፉን የሚከፍተው ከአየር ጋር የሚነካካው ስስ የውሃ ንጣፍ የተሻለ ኦክስጅን ስላለው ነው፤ ጠዋት ጠዋት መታየቱም አልጌው ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን ሳይሠራ ሲተነፍስ ስለሚያድር ነው። ነገር ግን እንደ ሐይቅ ባለ ጥልቅ ውሃ ዋናው ተጠርጣሪ ከሥር ያለው ውሃ ነው።

በሞቃት ወራት የላይኛው ውሃ ሞቆ ስለሚቀልል ከታችኛው ቀዝቃዛና ከባድ ውሃ ጋር አይቀላቀልም። ከላይ የሚዘንበው የሞተ አልጌ ወደ ግርጌው ወርዶ ሲበሰብስ የዚያን ውሃ ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ መጥፎ ሽታ ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድም ሊጠራቀም ይችላል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲበርድ የላይኛው ውሃ እየቀዘቀዘ ይከብዳል፤ ክብደቱ ከታችኛው ጋር ሲቀራረብ አንድ ጠንካራ ነፋስ ይበቃና ኦክስጅን የሌለው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። ዓሣው መሸሻ ያጣል።

አስቀድሞ ይታወቅ ነበር ወይ ለሚለው፣ ይህ በእኔ ግምት በሐይቅ ላይ ከሁሉም ትንበያ የሚቀልለው ነው። በገጹ ላይና በ10፣ በ20፣ በ30 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለውን ሙቀት በየሳምንቱ መለካት ብቻ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ፤ በሞቀ ውሃ ውስጥ የአንድ ዲግሪ ልዩነት የሚያመጣው የክብደት ልዩነት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከሚያመጣው በጣም ይበልጣል። ውሃ ከ21 ወደ 22 ዲግሪ ሲሞቅ የሚቀንሰው ክብደት ከ4 ወደ 5 ዲግሪ ሲሞቅ ከሚቀንሰው ከሃያ እጥፍ በላይ ነው። በመሆኑም ለአውሮፓ ሐይቅ ኢምንት የሚባል የአንድ ዲግሪ ልዩነት እኛ ዘንድ ውሃውን ለወራት ሳይቀላቀል ሊያቆየው ይችላል፤ ልዩነቱ ከዚያ በታች ሲጠብብ ደግሞ በጊዜ መጠንቀቅ ይገባል። የመለኪያው ሽቦ ለአሥረኛ ዲግሪ የሚጠነቀቅ እንጂ ለግማሽ ዲግሪ የሚምታታ መሆን የለበትም። ልዩነቱ ሲጠብና የብርድና የነፋስ ትንበያ ሲመጣ አስጋሪዎቹ መረባቸውን እንዲያወጡና የሞተ ዓሣ ወደ ገበያ እንዳይወጣ ከሁለት ከሦስት ቀን በፊት መናገር ይቻላል።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ በማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ኮምፒውተር ከመረጃ ራሱ እንዲማር በማድረግ፣ የሐይቅን የአልጌ ሽፋን የሚተነብይ ሞዴል መሥራት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? ምን ያህል ትክክለኛ ቢሆን በቂ ነው ይባላል?

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ብዙ ተማሪዎች የሚሰናከሉት እርሱ ላይ ነው። ሽፋን ከ100 ቀናት በ5ቱ ብቻ ይታያል እንበል። በየቀኑ «ዛሬ ሽፋን የለም» የሚል፣ ምንም ያልተማረ ሞዴል 95 በመቶ ትክክል ይሆናል፤ ጥቅሙ ግን ዜሮ ነው። ስለዚህ «ትክክለኛነቱ 95 በመቶ ነው» የሚል የመመረቂያ ጽሑፍ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ሽፋን ከታየባቸው ቀናት ስንቱን አስቀድሞ ያዘ፣ በከንቱስ ስንት ጊዜ ጮኸ የሚለውን ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ያቅርቡ። የትኛው ስሕተት ይበልጥ እንደሚጎዳም ተጠቃሚውን ይጠይቁ፤ ከብት ለሚያጠጣ ገበሬ ያልተነገረ ሽፋን ከባድ ነው፤ ለመዝናኛ ቤት ባለቤት ደግሞ በከንቱ የተጮኸው ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ «ነገ እንደ ዛሬ ይሆናል» የሚለው የሰነፍ ትንበያ ነው። ሐይቅ ቀስ እያለ ስለሚለወጥ ይህ ሰነፍ ትንበያ ለአንድና ለሁለት ቀን በሚገርም ሁኔታ ጥሩ ነው። የእርስዎ ሞዴል እርሱን ካልበለጠ፣ የተሠራበት ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ (ኒውራል ኔትወርክ) የቱንም ያህል ጥልቅ ቢሆን ምንም አልጨመረም።

ሦስተኛ፣ መረጃውን ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ ሲከፍሉ በዕጣ አይበትኑት። ሰኞና ማክሰኞ የተለኩ ቁጥሮች ተመሳሳይ ስለሆኑ ሰኞ ለማሠልጠኛ፣ ማክሰኞ ለፈተና ከዋለ ሞዴሉ ፈተናውን ቀድሞ አየ ማለት ነው። የመጨረሻውን ዓመት እንዳለ ለፈተና ለይተው ያስቀምጡ፤ ውጤቱ ዝቅ ቢል አይደንግጡ፤ እውነተኛው እርሱ ነው።

መነሻ መረጃ ከሳተላይት በነጻ ይገኛል። የሴንቲኔል 2 ምስሎች እ.ኤ.አ. ከ2015፣ የሴንቲኔል 3 ከ2016 ጀምሮ አሉ፤ የአሜሪካው ላንድሳት ሳተላይት ባለ 30 ሜትር ምስሎች ደግሞ እስከ 1980ዎቹ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ላንድሳት ሳይኖባክቴሪያን ከሌላው አይለይም፤ ነገር ግን ውሃው በየትኛው ወር እንደሚደፈርስ ለማየት ያገለግላል። የክረምቱ ምስሎች በደመና ስለሚሸፈኑ መረጃዎ ወደ በጋው ያጋደለ ይሆናል፤ ይህን በጽሑፍዎ ውስጥ በግልጽ ያስፍሩ፤ ሞዴሉም ባላየው ወቅት ላይ እንዲተነብይ አያስገድዱት።

ምስሉ ግን ከውሃ በተለካ ቁጥር ካልተፈተሸ አረንጓዴ ነጥብ ብቻ ነው። ወደ ሐይቅ ወርደው ዲስኩንና የሙቀት መለኪያውን በጥቂት ቋሚ ቦታዎች ይጣሉ፤ ከተቻለም የአልጌን ብዛት ለሚጠቁመው አረንጓዴ ቀለም፣ ለክሎሮፊል፣ ምርመራ ውሃ ቀድተው በጨለማና በቅዝቃዜ ያቆዩት። ሰዓቱን አይቀያይሩ፤ ማይክሮሲስቲስ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚመላለስ የማለዳውና የከሰዓቱ ቁጥር አይወዳደሩም። ሁለቱም ሴንቲኔሎች በእኛ አገር ላይ የሚያልፉት ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት አካባቢ ነው፤ የሚያልፉባቸው ቀናት አስቀድመው ስለሚታወቁ ጀልባዎን ለዚያ ቀንና ለዚያ ሰዓት ይከራዩ።